የጋሼ ጉርሙ እንቅልፋም አውሮፕላን

የትም ከተማ ብትሄዱ፣ የሞተ ዕቃ እንዳይቀበር የሚከለክል አንድ ሰው አታጡም። ድምፁ የጠፋ ራዲዮ፣ ጎማ የሌለው ሳይክል ደጁ ላይ ኮልኩሎ፣ «ይሠራል እኮ፣ ትንሽ ነገር ናት የጎደለችው» ይላል። የሌላው ከተማ ሰው በራዲዮና በሳይክል ይወሰናል። የመቱው ክቡር ጋሼ ጉርሙ ግን፣ የኢሉባቦር አየር ኃይል ብቸኛ አዛዥ፣ መካኒክና ዘበኛ፣ የያዙት አውሮፕላን ነው።

ይህን ከአብዱልመሊክ በላይ የሚያውቅ የለም። የሱ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጓሮና የጋሼ ጉርሙ ጋራዥ በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። የአውሮፕላኗ ፕሮፔለር አጥሩን አልፎ ወደ እሱ ግቢ ስለገባ፣ ሲሚንቶ በተሸከመ ቁጥር ግንባሩን ይለዋል።

አውሮፕላኗ ባለ ሁለት መቀመጫ የጣሊያን ጦር አውሮፕላን ናት፤ በወረራው ዘመን ከሁሩሙ በታች ጫካ ውስጥ ወደቀች። አገሬው እንደ ቅርጫ ተከፋፈላት። የክንፏ ቆርቆሮ ኖፓ ላይ የቡና ማስጫ ሆነ፤ የሞተር ሽፋኗ የዶሮ ቤት መዝጊያ። ጋሼ ጉርሙ ባትላሜ ናቸው፤ የተጨራመተ መኪና በመዶሻ እያቃኑ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። በሚኒባስም በእግርም እየዞሩ፣ ከአብዱልመሊክ የገዙትን አዲስ ቆርቆሮ ይሰጡና አሮጌውን ይወስዳሉ። የአሮጌው ባለቤትም ጋሼ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ ይስማማል።

«አልሞተችም፣ ተኝታ ነው» ይላሉ ሰው በሳቀባቸው ቁጥር። «ገና ትበራለች።»

«እንግዲያውስ ጋሼ፣ ስታንኮራፋ ያሰሙን» ይላል አብዱልመሊክ ከአጥሩ ማዶ። «በሷ ከምበር ግን በአህያ ጎሬ ብገባ ይሻለኛል።»

«አንተ ሚስማርህን ሽጥ።»

ሞተሯ ተጠግኖ ካለቀ ሰንብቷል። የቀረው የነዳጅ ጋኗ ነበር። አብዱልመሊክ «በጀሪካን ያስነሷት» ቢላቸው፣ «ይቺን ልጅ በጡጦ አላሳድግም» ብለው ኮሩ። ጋኗ የት እንዳለች ያውቃሉ፤ ሁሩሙ፣ እትዬ ኢብሴ ጓሮ፣ ዛፍ ላይ። ሟቹ ባለቤታቸው ቀፎ አድርገው ሰቅለዋት፣ ንብ ሞልቶባታል።

ጋሼ ጉርሙ በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ እየሄዱ ይለምናሉ። «ንብ ያለበት ቀፎ አይወርድም» ይባላሉ። ሥራ የሚያውቅ ሰው አይጨቃጨቅም፤ ንቡ ተዛውሮ ጋኗን እንዲለቅላቸው አዲስ ቀፎ ሠርተው አጠገቧ ሰቀሉ። አዲስ ንብ መጥቶ አዲሱን ያዘ፤ የድሮው ንብ ከጋኗ ንቅንቅ አላለም። በዓመቱ ሌላ ቀፎ ጨመሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ እትዬ ኢብሴ የሁሩሙ ገበያ የማር እመቤት ሆነው አረፉት።

«አየር ኃይሉ ወደ ንብ እርባታ ተዛወረ» አለ አብዱልመሊክ።

ዘንድሮ ግን ቀልዱ ተቆረጠ። ግቢው ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈለገ። የመጡት የኮሚቴ ሰዎች አውሮፕላኗን ዞረው አይተው፣ «ሞተሯ ከተነሣ እንደ ቅርስ ቦታ ይፈለግላታል። ካልተነሣ በኪሎ ትሸጣለች» ብለው፣ የሚመለሱበትን ቀን ቆርጠው ሄዱ።

ኮሚቴው በሄደበት ቀን ከሰዓት በኋላ የመዶሻ ድምፅ ጠፋ። ስንት ዓመት በዚያ መዶሻ የተማረረው አብዱልመሊክ፣ ዝምታው አላስቀምጠው ብሎ በአጥሩ አሻግሮ አየ። ጋሼ ጉርሙ የፊተኛው ወንበር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬም ተኛች?»

«ተኛች» አሉ ቀስ ብለው።

ሚስማርህን ሽጥ አላሉትም። አብዱልመሊክን ያስደነገጠው ይሄ ነው።

በማግስቱ፣ ለጁምዓ ሶላት ካልሆነ የማይዘጋውን ሱቅ ዘግቶ ሁሩሙ ወረደ።

«ጋሼ ጉርሙ አልላኩኝም» አለ እትዬ ኢብሴ ደጃፍ ቆሞ። «ቢያውቁም ይቆጡኛል። ግን ስለ እሳቸው ብለው ያቺን ጋን ይስጡኝ። አለዚያ አውሮፕላኗን በኪሎ ሊሸጡባቸው ነው።»

እትዬ ኢብሴ ቀና ብለው አዩት። «አሁን ገና ጃርሳ መጣ» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ሽማግሌ። ለትልቅ ነገር ሽማግሌ ይላካል እንጂ፣ ሰው ለራሱ ጉዳይ ራሱ ይለምናል? ሟች የሰቀለውን ቀፎ ዝም ብዬ ባወርድ አገር ምን ይለኛል? ጉርሙ ግን ሁልጊዜ ብቻውን፣ ቀፎውን ተሸክሞ ከች።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ሽማግሌ ላክብኝ ብዬ እኔው ልንገረው?» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «በየዓመቱ ቀፎ መምጣቱም ደግ ነበር።»

ሲመሻሽ የሰፈሩ ማር ቆራጭ በጭስ እያባበለ ንቡን ከጋሼ ጉርሙ ቀፎዎች ወደ አንዱ አዛወረ። አብዱልመሊክ መሰላል ያዘ። ንብ ግን ሽማግሌና ሌባ አትለይም።

ጠዋት ጋሼ ጉርሙ ጋኗን አጥራቸው ሥር፣ ሰሟ እንኳ ሳይጠረግ አገኟት። ከአጥሩ ማዶ አብዱልመሊክ ሚስማር ይሸጣል። ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል፤ ገበያተኛው ሁሉ «ምን ሆንህ?» ይለዋል፤ «ጥርሴን ነው» ይላል።

ጋኗ ተገጠመች፤ ቀጠሮው ደረሰ። ኮሚቴው መጣ፤ ባጃጅ ነጂው፣ ገበያተኛው ጋራዡን ሞላው። ፕሮፔለሯን በእጅ አዞሩት፤ አስነጠሰች። ደግመው አዞሩት፤ ጥቁር ጭስ ተፍታ ዝም አለች። አብዱልመሊክ ባላበጠው ዓይኑ መሬት መሬት አየ። አንዴ ደግሞ አዞሩት። አጥሩ ተንቀጠቀጠ፣ የሱቁ ቆርቆሮ ሁሉ ጮኸ፣ ያረረ ማር ሽታ መቱን አወዳት። ጋሼ ጉርሙ እንደሚያባብሉት ሕፃን መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ አሳርፈው ቆሙ። የሳቀ ሰው አልነበረም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጆሮውን እንደያዘ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሞተሩ ሲጠፋ አብዱልመሊክ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«አንኮራፋች» አለ። «ጋሼ፣ የኋላው ወንበር ሰው አለው?»

ጋሼ ጉርሙ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ያበጠውን ፊቱን አንድ ባንድ አዩት።

«ጥርስህ ሲሻልህ እንነጋገራለን» አሉት።