በጋሽ በራሶ ደጅ የሚያልፍ ሩጫ

ስለ ሩጫ የሚመክሩ ሰዎች ሁሉ አንድ የሚዘሉት ነገር አለ፤ ብርድ ልብሱን። ጥሩ ጫማ ምረጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ ይሏችኋል። ከሞቀ ብርድ ልብስ ስር አንድ እግር እንዴት እንደሚወጣ ግን የሚነግራችሁ የለም። በተለይ ዲላ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ንጋት ላይም አልበቃው ሲል። እንዲያ ባለ ጠዋት ከራሴ ጋር ስንቱን ተከራክሬ ረትቻለሁ። መርታቴ ነው ችግሩ።

ሐኪሙ ስኳሬ ጠርዝ ላይ መሆኑን ነግሮ “ሩጪ” ካለኝ ወዲህ፣ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ከቤቴ ቁልቁል እስከ አስፋልቱ ደርሼ እመለሳለሁ። ሩጫ ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ፤ የጎረቤት ልጆች በእግራቸው እየሄዱ የሚቀድሙኝ ዓይነት ነው።

በዚሁ መንገድ፣ ከእኔ ቤት ወረድ ብሎ፣ ጋሽ በራሶ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አይሱዙ የጭነት መኪና እየነዱ ከወርቃ ቡና፣ ከቡሌ ገብስ ወደ ዲላ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪም ተነስተው እንዲራመዱ ቢያዝም፣ እኔ የማየው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲመለከቱ ብቻ ነበር። ሳልፍ እጄን አነሳለሁ፤ እሳቸውም ደህናውን እጃቸውን ያነሳሉ። ትውውቃችን ይኸው ነው።

አንድ ዝናባማ ሳምንት ላይ ክርክሩን ረታሁና ቀረሁ። በማግስቱም ረታሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ልረታ ስል በሩ ተንኳኳ። የጋሽ በራሶ ባለቤት፣ ወይዘሮ አስቴር፣ ነጠላቸው በስብሶ ቆመዋል። አሞኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደህና መሆኔን አፍሬ ነገርኳቸው። ለካስ ጋሽ በራሶ በየጠዋቱ እኔ ካለፍኩ በኋላ የበረንዳውን ብረት ይዘው ይነሱ ኖሯል! አስፋልቱ ደርሼ እስክመለስ ይራመዱና ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ይጠብቁኛል፤ ሲንገዳገዱ መታየት አይፈልጉም።

“‘እሷ ካላለፈች አልነሳም’ ብሎ እምቢ አለኝ” አሉ ወይዘሮ አስቴር። “እባክሽ ልጄ፣ በጃንጥላም ቢሆን እለፊ።”

እንግዲህ ምን ይባላል? ለገዛ ስኳሬ ከአልጋ ያልወረድኩት ሴትዮ ለሰው እግር ወረድኩ። ቀዩ ጭቃ ጫማዬን እየሳበኝ አለፍኩ። ጋሽ በራሶ እጃቸውን አነሱ፤ እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው አነሳሁ። መታጠፊያው ጋ ሰረቅ አድርጌ ዞር ስል ቆመዋል። ብረቱን ጨምድደው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ያን እምቢተኛ እግር ሲጎትቱት አየሁና ቶሎ ፊቴን መለስኩ። ያን ቀን አስፋልቱን አልፌ ብዙ ሮጥኩ፤ ጊዜ እንዲያገኙ ብዬ።

ከዚያ ወዲህ ዘነበም አልዘነበም ወጣሁ። በእኔ ስኳር የማይንቀሳቀስ ሰውነቴ በጋሽ በራሶ እግር መንቃት ለመደ።

ሰው ነኝና ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጉንፋን ያዘኝና ተኛሁ። መስኮቴ ተንኳኳ። ወይዘሮ አስቴር ናቸው ብዬ ምክንያቴን እያሰናዳሁ ከፈትኩት። ጋሽ በራሶ ናቸው። ብቻቸውን፣ በከዘራ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ የመስኮቱን ጠርዝ ይዘው ቆዩ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙም አይለይምና፣ “ምነው ቀረህ? ታመህ ነው?” አሉኝ።

ጉንፋን እንደያዘኝ ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ዞረው ዳገቱን አዩት።

“እኔ በዚህ እግር መጣሁ፤ አንተ በአፍንጫ ትተኛለህ?”

ጫማዬን አጠለቅኩ። ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ በየእርምጃው እየቆምን፣ ቁልቁለቱን ወረድን። እንዳያዳልጣቸው እየተጨነቅኩ ደግፌ ያደረስኳቸው እኔ ነበርኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ አስቴር ባላቸውን ፍለጋ ሊወጡ በር ላይ ደርሰው አገኘናቸው። ጋሽ በራሶ ቀና ብለው ቆሙና በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

“አመጣሁት” አሏቸው።