ጣሪያው ያጠፋዋል

ጣሪያውን እንደ ወንድሙ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ደብረ ብርሃን ያሉት አከራዬ ጋሽ ታደሰ እንደዚያ ናቸው።

አሮጌውን የሱቅ ሕንፃቸውን ሲያድሱ፣ እሳት ሲነሣ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ እንዲያስገጥሙ ታዘዙ። አስገጠሙ። ሮቶ ግን የሕንፃውን መልክ ያበላሻል ብለው ቧንቧውን በፈረቃ ከሚመጣው የከተማው ውሃ ጋር አገናኙት።

ድሮ እኮ አንዱ "ኡኡ!" ሲል የተኳረፈው ሳይቀር ባልዲውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ምን ዓይነት ደግ ዘመን ነበር! "ያ ቀረ፤ አሁን ጣሪያው ያጠፋዋል" ይሉ ነበር ጋሽ ታደሰ ላገኙት ሁሉ።

ባለፈው ሰሞን ሕንፃው ላይ ባለው ብርድ ልብስ መሸጫ ውስጥ እሳት ተነሣ። እሳቸውም እኛም አንጋጠን ጠበቅን። ጠብታ የለም! ለካ ፈረቃው የሌላ ሰፈር ኖሯል። ጋሽ ታደሰ ደጅ ሮጠው "ኡኡ! የሰው ያለህ!" ሲሉ ሰፈሩ እንደ ድሮው ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ባዶ እጁን። ጣሪያው ሲያጠፋ ሊያይ።