ከቀረው መንገድ አንድ አሥረኛ

ሶፍትዌር የሚሠራበት ቤት ሁሉ፣ ስክሪን ላይ የሚሄድ ነገር ድንገት ሲቆም ሆዱ የሚባባ አንድ ሰው አያጣም። እኛ ቢሮ የለም የሚል ካለ ጠረጴዛዎቹን ዞር ዞር ብሎ ይይ። ናይሮቢ፣ ንጎንግ መንገድ ላይ ላለው፣ ወጣቷ ፕሮግራመር ኛምቡራ ለምትሠራበት ቢሮ ደግሞ ዋናው ደርሶታል፤ ክቡር አዛውንቱ ምዜ ሙቲንዳ፣ የዝግታ ሊቀ ሊቃውንት።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዳ ቀጥ ካለች፣ ምዜ ሰው ሲጋጭ ያዩ ያህል ግንባራቸውን ይይዛሉ።

"ምነው ልጄ፣ ምን አድርጋሽ ነው ከግድግዳ ያላተምሻት?"

ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል። ክቧ በየእርምጃዋ ከቀራት መንገድ አንድ አሥረኛውን ብቻ ትሂድ። ቀጥሎም አሁን ከቀረው አንድ አሥረኛውን። መንገዱ ሲያጥር እርምጃዋም አብሮ ያጥራል፤ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደምታርፍ ታርፋለች። ኛምቡራ ይህን መጀመሪያ ያየች ቀን ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ አፍጥጣ ቀርታለች። ሒሳብ እንዲህ ሊራራ እንደሚችል ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። ሁልጊዜ ከቀረው ላይ ጥቂት የሚሄድ ነገር ሁልጊዜ ጥቂት ይቀረዋል። ለዓይን የቆመችው ክብ በውስጥ መሄዷን አትተውም፤ ስልኩም በከንቱ ሲያሰላ ይግላል። ስለዚህ ባለሙያ ሁሉ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ይጨምራል፦ የቀረው ከስክሪኑ ግማሽ ነጥብ ካነሰ፣ ደርሳለች ተብሎ ይቆም። ምዜ ይህን መስመር ጽፈው አያውቁም።

"ምዜ፣ ስልኩ እኮ እንቁላል ይጠብሳል" ትላቸዋለች ኛምቡራ።

"ደርሰሻል የሚለውን አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልበትም።"

ስንብታቸውም እንደ ኮዳቸው ነው። ሰው ሲሸኙ ወንበራቸው ጋ ረጅም ወሬ፣ በሩ ላይ አጠር ያለ፣ ደረጃው ላይ ከዚያም ያጠረ፣ ፌርማታው ላይ አንድ ቃል፣ ማታቱው፣ ሚኒባሱ፣ ሲነሳ ቅንድብ ማንሳት ብቻ። የቸኮለ ደንበኛ በጓሮ በር ነው የሚያመልጠው።

ዘንድሮ ታመሙ። መጀመሪያ ሙሉ ቀን መዋል ተዉ፤ ቀጥሎ ከምሳ በፊት መሄድ ጀመሩ፤ ኋላ ለሻይ ብቻ ብቅ ይሉ ነበር። ባልደረቦቻቸው "ዛሬ እንኳ መጡ" ይላሉ። ኛምቡራ ግን ስሌቱን ታውቀዋለች።

ዓርብ ዕለት ሊሰናበቱ መጡ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ስላሏቸው፣ ማቻኮስ ከተማ ወንድማቸው ቤት ሊተኙ ነው።

"ዛሬ እኔ ልሸኝዎት" አለች ኛምቡራ።

"አንቺ ችኩል፣ ከደረጃው ላይ ትመለሻለሽ።"

አልተመለሰችም። በሩ ላይ ስለ ወንድማቸው ማንጎ አወሩላት። ደረጃው ላይ "ክቧን አደራ" አሏት። ፌርማታው ላይ "በይ" ብቻ። ረዳቱ የማታቱውን ጎን ደበደበ፤ መኪናው እንደ ፍየል ዘሎ ተነሳ። በመስኮቱ በኩል ምዜ ግንባራቸውን ሲይዙ አየች። ሳቀች፤ ሳቋም መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ስትመለስ የሙከራው ስልክ የምዜ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ክቧ ቦታዋን ይዛ ቆማለች፤ የቆመች ትመስላለች።

"ደንበኛው እየጠበቀ ነው" አለ አለቃዋ። "ያቺን አንድ መስመር ጨምሪና እንላከው። አልደረሰችም እንዴ?"

ኛምቡራ ስልኩን አነሳችው። ግሏል። በሁለት እጇ ያዘችው።

"ትንሽ ይቀራታል" አለች።