የማንኩሳዋ እመት ችሎት

ፍርድ ቤት ረግጦ የማያውቅ ገበሬ በጎጃም ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ ችሎት የለመደች አንዲት ሴት የሌለችበት ቀበሌ ግን አይገኝም። ቡሬም አለች፣ ዱርቤቴም አለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን በብብቷ ይዛ፣ ከዳኞቹ ቀድማ ትደርሳለች። የራሷ ጉዳይ ካለቀ ቆይቷል። የሰው ጉዳይ እስካለ ድረስ ግን ቤቷ አትቀመጥም።

ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ ይህች ሴት ጌጥነሽ ትባላለች። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ መሬቷን ሊወስዱባት ተነሱ። ፍኖተ ሰላም ሄዳ ከሰሰች፤ ወረዳው ፈረደባት፤ ይግባኝ ብላ በዞኑ ረታች። ከዚያ ወዲህ የችሎት ፍቅር ያዛት። ሰፈሩ በሌለችበት «እመት ችሎት» ይላታል። ዶሮዋ ስጥ ላይ ስትወጣ «ሁከትሽን አቁሚ» ትላታለች። እንግዳ መጥቶ ወጡ ካልደረሰ «ቀጠሮው ትንሽ ይራዘማል» ትላለች። ምራቷ ጨው አነሰው ብትላት እንኳ «ይግባኝ መብትሽ ነው» ብላ ጨዋታውን ትቀጥላለች እንጂ ጨው አትጨምርም።

በዚህች ሴት ክፉኛ የሚቃጠሉት አያ ዳኘው ናቸው። አያ ዳኘው የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ በሬ የሰው በቆሎ ሲበላ፣ ባሕር ዛፍ የጎረቤት በርበሬ ላይ ጥላውን ሲጥል የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እስቲ ነገሩን ከሥሩ እናምጣው» ሲሉ ሰው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ዛሬ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ የሚከበው ጌጥነሽን ነው። እሷም የሰማችውን ፍርድ ትዘረግፈዋለች፤ የጎረቤቱን ውሃ የጠለፈው ምን እንደተወሰነበት፣ አንዲት የቡሬ ሴት የልጅ ቀለብ እንዴት እንደተፈረደላት። አያ ዳኘው ደጀ ሰላሙ ጥግ ቆመው ጫማቸውን ያራግፋሉ። ጫማው ከነጻ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ፍርዱ እስኪያልቅ ማራገፉን አይተውም።

የባሰው የገዛ ሚስታቸው ነገር ነው። እማማ ንግሥቴ እራት ሲያቀርቡ «ጌጥነሽ እንዳለችው» ብለው ይጀምራሉ። አያ ዳኘው የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ያስቀምጣሉ።

«ነገረኛ ሴት ናት» ይላሉ።

«ነገር አዋቂ ናት» ብለው እማማ ንግሥቴ ያርሟቸዋል።

ቅናት መሆኑን አያ ዳኘው ራሳቸው ያውቁታል። ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሲቀርቡ ግን «አንዳንዴ ሆዴን ይነፋኛል» ብለው አለፉት። ንስሐ አባትየውም ባቄላ ቀንሱ አሏቸው።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንዳወቅ የሚባለው ጎረቤታቸው የከብት መውረጃውን አጠረ። መንገዱ በወንዳወቅ ማሳ ዳር አልፎ ወንዝ የሚያደርስ ነው፤ የአያ ዳኘው ከብቶች ከጥንት ጀምሮ በዚያው ነው ውሃ የሚወርዱት። ወንዳወቅ በርበሬዬን ረገጡብኝ አለ። አያ ዳኘው ሽማግሌ ላኩ። ወንዳወቅ ሽማግሌዎቹን አክብሮ አስቀመጠ፣ ጠላ ቀዳላቸው፣ ከዚያም አያ ዳኘው ለሰው ሁሉ ሲፈርዱ ኖረዋልና ለራሳቸውም ይፍረዱ ብሎ ሸኛቸው።

ከብቶቹ በገደሉ ዞረው መውረድ ጀመሩ። ዝናብ ባባራ በአንዱ ቀን ከርጉዟ ላም እግር ሥር አፈሩ ተናደ። ላሚቱ ከነጽንሷ ቀረች። እማማ ንግሥቴ በስሟ እየጠሩ አለቀሱላት፤ እንባቸውንም ጠርገው ባላቸውን ጌጥነሽን እንዲጠይቋት ለመኗቸው።

«ከብቴ ሁሉ ይለቅ እንጂ እሷ ደጅ አልቆምም» አሉ አያ ዳኘው።

በማግስቱ ብቻቸውን ፍኖተ ሰላም ሄዱ። ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ያሉትን ሁሉ ጻፈላቸው። ብዙ አሉ። ከአያታቸው ጀምረው፣ በወንዳወቅ አባት ሠርግ ላይ ማን እንደመረቀ አስገብተው፣ በላሚቱ ጨረሱ። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ የበሩ ጥበቃ ኪሳቸውን ዳበሰ። ከኋላቸው የመጣችውን ጌጥነሽን ግን «እንዴት አደሩ፣ ቆዩሳ» ብሎ አሳለፋት። ይህ ከላሚቱ ሞት ባልተናነሰ አንገበገባቸው።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። ክሱን እስከ መጨረሻው አንብባ ቀና አለች።

«አባቴ፣ ከተከሳሹ የሚጠይቁት ምንድን ነው?»

«ማንነቴን ይወቅልኝ።»

«እሱን ፍርድ ቤቱ ሊወስንልዎ አይችልም» አለች በለሆሳስ። ክሱን አሻሽለው እንዲያቀርቡ አዛ ሌላ ቀጠሮ ሰጠች።

አያ ዳኘው ሲወጡ ጌጥነሽ እንድትስቅባቸው ጠበቁ። ብትስቅ ደስ ባላቸው፤ ቢያንስ የሚጠሏት በምክንያት ይሆን ነበር። እሷ ግን በሚኒባሱ ከጎናቸው ተቀምጣ ስለ ዘንድሮው በቆሎ ብቻ አወራች። ማንኩሳ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አያ ዳኘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ሰው» አሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «መንገድ ቢዘጋበት ምን ብሎ ይከሳል?»

«የማውቀው ሰው ነው?»

«የሩቅ ዘመዴ ነው።»

«እንግዲያውስ ለሩቅ ዘመድዎ እንዲህ ይበሉልኝ፣ አያ። አያቱን ይተው። ሠርጉንም ይተው። የላሟን ነገር ለብቻው ይያዘው። የያዝኩት መንገድ ተዘግቶብኛልና ሁከቱ ይወገድልኝ ይበል፣ ሌላ አይጨምር። በዚያ መንገድ ሲሄድ መኖሩን ያዩትን ደግሞ ምስክር ይቁጠር።»

አያ ዳኘው አላመሰገኗትም፤ ለዘመዳቸው እንደሚነግሩት ብቻ ነገሯት።

በተቀጠረው ቀን ምስክሮች ቀረቡ። ካሰች የምትባለው ጎረቤት ለሠርጓ በበቅሎ ስትመጣ በዚያ መንገድ እንደገባች ተናገረች። ይርሳው የሚባለው ሽማግሌ ከብት በጠበቀበት ዘመን መንገዱ እንደነበረ አስረዳ። ወንዳወቅ በበኩሉ ሲያሳልፋቸው የኖረው በፈቃዱ እንደሆነ ተከራከረ። ዳኛዋ ፍርዱን ስታነብ፣ መንገዱ ለረጅም ዘመን ማገልገሉን ተከሳሹ ራሱ አልካደም፣ ቅሬታ ቢኖረው መጠየቅ እንጂ በራሱ ሥልጣን ማጠር አይችልም አለች። አጥሩ እንዲነሳ፣ ከሳሹም ከብቶቹን በርበሬው እንዳይረግጡ እያስጠበቁ እንዲያወርዱ ወሰነች። የቀበሌውን ሁሉ አፍ ያሟሸው ጠብ በአንድ ገጽ አለቀ። አያ ዳኘው በፍርዱም ቀኑ፤ እሳቸው ቢይዙት ኖሮ ሁዳዴን ያህል ይፈጅ ነበር።

ከብቶቹ በመንገዳቸው ወረዱ። ሰው ግን እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት ጌጥነሽ ቤት ጎረፈ። አስረታቻቸው ተባለ። አያ ዳኘው ያን ሳምንት እራታቸውን ቶሎ በልተው ተኙ።

ከዚያ የፍርዱን ግልባጭ ለመውሰድ ፍኖተ ሰላም ተመለሱ። ግቢው ውስጥ ከመራዊ የመጣ አንድ እህል ነጋዴ ጉዳዩን ተረትቶ ለጓደኛው እያማረረ ነበር። ባላጋራውን የመከረችው ያቺ ማንኩሳ ያለችው ነገረኛ ሴት ናት፣ ሥራ ፈት፣ የሰው ቤት አፍራሽ አለ። አያ ዳኘው ቆሙ። ግልባጩን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ በዚያ ሰው ሁሉ ጸጥ ይልበት በነበረው ድምፃቸው ተናገሩ።

«ልጄ፣ እሷን እኔ ነገረኛ እላታለሁ። አንተ አትላትም።»

ነጋዴው ግራ ገባው። «እርስዎ ምኗ ነዎት?»

ዘመድ አልነበሩም። ወዳጅ ብለዋትም አያውቁም። አያ ዳኘው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ባላንጣዋ ነኝ» አሉ ኮራ ብለው፤ ወደ ችሎቱም ገብተው አግዳሚው ላይ ከጌጥነሽ ጎን ተቀመጡ።