ቡፌ ላይ የቆመው ነጭ ወይን

በየክርስትናው፣ በየምርቃቱ፣ በየልደቱ አንድ የወይን ሊቅ አይጠፋም። ሦስት አበሻ ከተሰበሰበ አንዱ ስለ ፖለቲካ፣ አንዱ ስለ ቤት ዋጋ ያወራል፤ ሦስተኛው ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስቶ ዓይኑን ያጠባል። ከሦስተኛው ይሰውራችሁ። ዓብዩን ግን አልሰወረውም፤ እንዲያውም አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ኮሪደር አጎራብቶ አሥራ ስምንት ዓመት አኖረው።

ጎረቤቱ ሊቀ ሊቃውንት ልዑልሰገድ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ራሱ ዓብዩ ሲሆን ከዚያ ውጪ አንቱ ብሏቸው አያውቅም። ልዑልሰገድ ሃያ ሁለት ዓመት ሆቴል ውስጥ አስተናግዷል። የሰው ወይን ሲከፍት፣ ሲቀዳና ሲያብራራ ውሎ ማብራራቱን ቤት ድረስ ይዞት ይመጣል።

ዓብዩ ደግሞ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ሲገባ የሚያምረው ወይን በስፕራይት ነው፣ እንደ ብዙዎቻችን። ልዑልሰገድ ስፕራይቱን ከእጁ ይነጥቀዋል።

«ይኼ እኮ ሰው የለፋበት ነው! አያትየው ተክሎት፣ አባትየው ኮትኩቶት! አንተ ስኳር ትደፋበታለህ!»

ሲልቨር ስፕሪንግ በተደረገ አንድ ድግስ የክርስትና አባትየውን ብርጭቆ ቀምቶ በረዶውን በሹካ ሲለቅም ታይቷል። ነህምያ የሚባል ወዳጃቸውማ ሐምሌ ላይ አንድ ካርቶን ወይን መኪናው ውስጥ ረስቶ ቢገኝ፣ ልዑልሰገድ መርዶ እንደሰማ ሰው ራሱን ያዘ። «ገደልከው! ወይን ይጋደማል፣ ጨለማ ይወዳል፣ ሙቀት ይገድለዋል። ስንቴ ልንገራችሁ?» አለ።

ይህን የሚሰብክ ሰው ታዲያ ካሉት ሁሉ የሚበልጠውን ጠርሙስ ሳሎኑ ቡፌ ላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ትቶት ነበር።

ነጭ የፈረንሳይ ወይን ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ በኦክ እንጨት በርሜል የቆየ። የሰጡት ወይናቸውን ለማስቀመስ ወደ ሆቴሉ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ትራክተር በማይወጣው ኮረብታ ላይ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ፍሬውን በእጃቸው ይለቅማሉ። ልዑልሰገድ ሲያስተናግዳቸው ስለ አፈሩ ቢጠይቃቸው ደስ አላቸውና፣ ሲሄዱ አንድ ጠርሙስ አስይዘውት «ስምንት ዓመት አቆየው፤ ከዚያ ለሚስትህ ክፈትላት» አሉት። ቆጠረው። ስምንተኛው ዓመት ሠላሳኛው የጋብቻ በዓላቸው ላይ ይውላል።

ሚስቱ ብርሃነሽ ጠርሙሱን ስታይ «እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ ይቀመጣል? ሰው ይየው እንጂ!» ብላ ከልጃቸው የምርቃት ፎቶ አጠገብ አቆመችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትወለውለዋለች። እንግዳ ሲመጣ «የልዑሌ ነው፤ ፈረንሳዮቹ አክብረው ነው የሰጡት» ትላለች። አንድ ቀን ዓብዩ እሷ ባለችበት «ሊቀ ሊቃውንት፣ ወይን ይጋደማል አላልክም?» ቢለው፣ ልዑልሰገድ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ክፉኛ ረገጠው። ዓብዩም ረታሁት ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

ብርሃነሽ ሠላሳኛውን በዓል ሳታይ አረፈች። ካንሰር አምስት ወር እንኳ አልሰጣትም።

ከዚያ ወዲህ ልዑልሰገድ ከሥራ ሲመለስ በሩን ዘግቶ መቀመጥ ሆነ። ዓብዩ አንድ ቀን ሆን ብሎ ጥሩ ወይንና ስፕራይት ይዞ ሄደ፤ ፊት ለፊቱ ቀላቅሎ ጠጣ። ይቆጣኛል ብሎ ጠበቀ። ልዑልሰገድ አየውና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ዓብዩ ያን ቀን ፈራ፤ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለመሰረት «ሰውየው እየሄደብን ነው» አላት።

ሠላሳኛው ዓመት የዋለው ቅዳሜ ነው። ከሰዓት ላይ ልዑልሰገድ ዓብዩንና መሰረትን ጠራቸው። ልጁ ቤዛዊትም ከአርሊንግተን መጣች። ጠርሙሱን ከቡፌው ሲያወርደው አቧራ ለብሷል። ቡሹ ሲነቀል ሽታው ዓብዩ ዘንድ ደረሰ፤ አቼቶ ነው። ቀለሙም ሻይ መስሏል።

ዓብዩን ጭንቅ ያዘው። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ መጥፎ ወይን ምሮ አያውቅም። አሁን ተበላሽቷል ካለ ያበላሸችው ብርሃነሽ ናት። ደህና ነው ካለ ደግሞ ያ ሊቅ አብሯት ተቀብሯል ማለት ነው።

ልዑልሰገድ ለአራቱም ቀዳ። የራሱን ቀመሰና «የገበታ ቅቤ ጣዕም አለው» አለ። «የተቆላ ለውዝም።»

ቤዛዊት ቀምሳ ፊቷ ተጨማደደ። «ዳዲ፣ ኢትስ ባድ። ሪሊ ባድ። ቪኔጋር ሆኗል እኮ።»

መሰረት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ተያት፣ እውነቷን ነው» አለ ልዑልሰገድ። «ወይኑ ከሞተ ስንት ዓመቱ።»

«ታውቅ ነበር?» አለ ዓብዩ።

«በመጀመሪያው ሰመር ሙቀቱ ቡሹን ገፍቶት አየሁ። መልሼ ደፈንኩት።» ጠርሙሱን በመዳፉ ጠረገው። «ለብርሃነሽ ብነግራት ወዲያው ታነሳው ነበር። ግን ደስ እያላት ስትወለውለው ምን ልበላት? ሰው ሲመጣ በምን ትኩራብኝ?»

ቤዛዊት «አይ ዲድንት ኖው፣ ዳዲ» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አለቀሰችም። መሰረት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሳች።

ዓብዩ ያ የእግር እርግጫ አሁን ገባውና አፈረ። የአገሩን ወይን ሁሉ ሲያርም የኖረ ሰው፣ የራሱ ወይን ዓይኑ እያየ ሲበላሽ ሚስቱን ላለማሳፈር አፉን ይዞ ኖሯል። ዓብዩ ደግሞ ይስቅበት ነበር። ብርጭቆውን አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ጉሮሮውን አቃጠለው።

«ጨምርልኝ» አለ።

«አብደሃል? ሆድህን ይቆርጥሃል።»

«ጨምርልኝ አልኩህ፣ ልዑሌ። ቅቤው የቱ ጋ እንደሆነ አልያዝኩትም፤ አስረዳኝ።»

ልዑልሰገድ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ቀዳለት፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጠጋ አለና ማስረዳት ጀመረ፤ ስለ ኮረብታው፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ በርሜሉ። ሲጀምር ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ እየቆየ ተስተካከለ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ፤ ዓብዩም አቼቶውን እየተጎነጨ አንዴም አላቋረጠውም።