አንደኛ የወጣው ዘፈንና ጀርባው

የባሕር ዳር ሕዝብ የትኛውን ዘፈን እንደሚወድ በገዛ ጆሮው እየሰማ እንዲወስን ተፈርዶበት የኖረበት የጨለማ ዘመን በአብዮቱ አክትሟል። የዘፈን ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ሰፊው ሕዝብ የወደደው ዘፈን ማክሰኞ ማክሰኞ በኮሚቴው በር ላይ ይለጠፍለታል። ሕዝቡም አንብቦ ምን እንደወደደ ይረዳል። ሸክላው ከአዲስ አበባ ሳይደርስ አንደኛ የወጣ ዘፈን ሁሉ ነበር። አርቆ አስተዋይነት ማለት ይህ ነው።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ አስናቀ ግጥምም ይጽፋሉ። «ማረሻችን ወደፊት» የእሳቸው ነው። ዘፋኟ ሰገነት በሸክላው ፊት ላይ ይህንኑ ዘፈነች። ሸክላ ደግሞ ሁለት ገጽ አለውና፣ ጀርባው ባዶ እንዳይቀር ያህል፣ ፍቅረኛዋን አውቶቡስ ይዞ ስለሄደባት አንዲት የሐሙሲት ልጅ የሚያወራ ዘፈን ተጨመረበት።

ሸክላው ተቸበቸበ። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ኑርሑሴን እጃቸው እስኪዝል ሸጡ። «ማረሻችን ወደፊት» አንደኛ ወጣ፤ በሳምንቱም አንደኛ፤ ከዚያም ወዲያ ማን ደፍሮ ሊያወርደው! በሸዋዬ ሻይ ቤት ግን ከጧት እስከ ማታ የሚሰማው የሐሙሲቷ ልጅ እሮሮ ብቻ ነበር። በማረሻው በኩል ያለው ገጽ መርፌ ሳይነካው እንደ አዲስ ሳህን ያብረቀርቃል።

ጓድ አስናቀ ምስጋናቸውን ከሕዝቡ አፍ ሊሰሙ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ጎራ አሉ።

«ጓድ ኑርሑሴን፣ ሰፊው ሕዝብ ግጥሜን እንዴት አገኘው?»

«ይሸጣል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«መሸጡንማ አውቃለሁ። ለምን እንደወደደው ንገረኝ።»

ኑርሑሴን እውነት መናገር የሚባል ክፉ ልማድ ነበረባቸው።

«ልንገርዎት? ሰው የሚገዛው ለጀርባው ነው። የእርስዎን የሰማ ሰውስ እስካሁን አላየሁም።»

ሱቁ በዚያው ከሰዓት በኋላ ታሸገ። የኑርሑሴን ልጆች የሚበሉት ከዚያችው ሱቅ ነበር፤ ባለቤታቸው ዘይነት፣ መራዊ ከተማ ካሉ ዘመዶቿ ጤፍ እየለመነች ክረምቱን ገፋችው። እሳቸው ደግሞ ንቃታቸው እስኪዳብር ከውይይት ክበብ ዋሉ። መስቀል ሲጠባ ሕዝብ ፊት ቆመው ግለ ሂስ አደረጉ፦ «ተሳስቼ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ማረሻውን ይወዳል። ጀርባውን የሰማ የለም።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብሁ፤ የዚያን ዕለት ያላጨበጨበ ሰው ቢኖር እጅ የሌለው ብቻ ነው። ቁልፋቸው ተመለሰላቸው።

ነገሩ ግን ጓድ አስናቀን ከነከናቸው። እንቅልፍ አጥተው አሰቡና ሳይንሳዊ መፍትሔ ይዘው ተነሡ።

«ሕዝቡ መገልበጥ ከወደደ እኛ ቀድመን እንገለብጥለታለን!»

በአዲሱ ኅትመት የሐሙሲቷ ልጅ ወደ ፊት ወጣች፤ ማረሻው ወደ ጀርባ ገባ። በኮሚቴው በር ላይ አንደኛ ተብላ የተለጠፈችውም እሷ ሆነች። ሸዋዬ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ይህን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ኮሚቴው ወደዳት?» አለ አንድ የጎንደር መስመር ሹፌር።

«ወደዳት አሉ።»

«እንግዲያ ነገር አለ። እስቲ ገልብጪው ሸዋዬ፤ ከጀርባ ምን ደብቀውብን ይሆን?»

ሸዋዬ ገለበጠችው። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማ። ምንም የተደበቀ ነገር ስላላገኘ፣ በደንብ ተደብቋል ማለት ነው ብሎ ደግሞ አስደገመ። ከዚያ ወዲያ የግሽ አባይ ልጃገረዶች ማረሻውን ያንጎራጉሩ ጀመር። ጣና ላይ ታንኳ ቀዛፊው በማረሻው ምት ቀዘፈ። አንዲት ሙሽራማ በማረሻው ታጅባ ከቤቷ ወጣች። ይህ ሁሉ ሲሆን ያዘዘ የለም!

የበላይ አካልን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ሕዝብ ሳይታዘዝ የሚዘፍነው አብዮታዊ ዘፈን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። እንግዲህ ግጥሙ ውስጥ አንድ የአድሃሪ መልእክት ቢሸሸግ ነው እንጂ፣ ሰው በጤናው ስለ ማረሻ እየዘፈነ ይስቃል? ጓድ አስናቀ ከበላይ አካሉ ቢሮ መጥተው ያስረዱ ተባለ። ወደዚያ ቢሮ ሊያስረዱ የገቡ ሰዎች ማብራሪያቸው ረጅም ነው መሰል፣ እስካሁን አልወጡም።

ጓድ አስናቀ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከኑርሑሴን ሱቅ ደረሱ።

«ጋሼ ኑርሑሴን፣ ነፍሴ በእጅዎ ናት። መጥተው ይመስክሩልኝ። ግጥሙን ማንም አይሰማውም፣ ሰው የሚገዛው ለሌላኛው ገጽ ነው ይበሉልኝ።»

ኑርሑሴን ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፤ ውኃም አቀረቡላቸው። አዘኑላቸው፤ ከልባቸው አዘኑላቸው።

«ምነው ጓድ! እሱን ተናግሬ እኮ ነው ሱቄ የታሸገ። አሁንማ ነቅቻለሁ፤ ሰፊው ሕዝብ ግጥምዎን አጥብቆ ይወደዋል።»