ሞተሩ እስኪሞቅ

(ጧት ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ግቢው ውስጥ በቆመች አሮጌ መኪና ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሪውን የጨበጡት ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ጎናቸው ያለው ዳቦ ጋጋሪ የልጃቸው ባል ነው። ልጃቸው ትናንት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ ሆስፒታል ሆና መምጣታቸውን ትጠብቃለች። ሞተሩ ተነስቷል፤ መኪናዋ ግን ከነተሳፋሪዎቿ ትንዘፈዘፋለች።)

ጋጋሪው፦ እንሂድ እንጂ አባባ። ሦስት ጊዜ ደወለች እኮ።

መምህሩ፦ ባልሞቀ ሞተር አይኬድም አልኩህ። ሲንቀጠቀጥ አይታይህም?

ጋጋሪው፦ ለምንድነው ግን የሚንቀጠቀጠው?

መምህሩ፦ (ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ተመቻችተው) አንደኛ፣ ሌሊቱን ዘይቱ ወፍሯል።

ጋጋሪው፦ ምን በልቶ?

መምህሩ፦ ረግቷል ማለቴ ነው። የረጋ ዘይት ብረቱን ቶሎ አያለሰልስም። ሁለተኛ፣ ቤንዚን ቀዝቃዛ ብረት ላይ በደንብ አይተንም፤ ያልተነነው ደግሞ በወጉ አይቃጠልም። ስለዚህ ሞተሩ ጧት ጧት አብዝቶ ይጠጣል።

ጋጋሪው፦ በባዶ ሆዱ?

መምህሩ፦ ቤንዚን ነው የሚጠጣው።

ጋጋሪው፦ ያው ነው። ለዚህ ነዋ የሚንገዳገደው።

መምህሩ፦ (ዞር ብለው እያዩት) ልጄ መቼም ዳቦህን ቀምሳ ነው ያገባችህ።

ጋጋሪው፦ እኔም ምድጃው ሳይግል ሊጥ አላስገባም። እንደሱ ማለትዎ ነው?

መምህሩ፦ (ቅር እያላቸው) እንደሱ ማለቴ ነው።

ጋጋሪው፦ እኔ ግን ከጋለ በኋላ ቆሜ አላየውም።

መምህሩ፦ መጋሉን በምን ታውቃለህ? እኔ በመዳፌ ነው የማውቀው። መሪው መንቀጥቀጡን ሲተው ሞቋል ማለት ነው። በእኛ ጊዜ ሹፌር ሁሉ...

(መምህሩ ፊት ለፊት እያዩ የድሮ ሹፌሮችን ታሪክ ቀጠሉ። ጋጋሪው ቀስ ብሎ እጁን ሰደደና ቁልፉን አዞረ። ወሬው አላቆመም። ስልክ ጠራ፤ ጋጋሪው አንስቶ ሰማ፤ ዘጋ።)

ጋጋሪው፦ ሕፃኗ ዓይኗን ገለጠች። ቁርጥ የአባባን ዓይን ነው አለች እናቷ።

መምህሩ፦ (መሪውን ጠበቅ አድርገው ይዘው) ይኸው፣ ጭራሽ ባሰበት። መሪው እንዴት እንደሚርገፈገፍ አየህ?

ጋጋሪው፦ አባባ፣ ሞተሩን ካጠፋሁት እኮ ቆየሁ።

መምህሩ፦ ታዲያ ምንድነው የሚንቀጠቀጠው?

ጋጋሪው፦ እርስዎ ነዎት።

(መምህሩ እጃቸውን አዩት። ከመሪው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ እዚያም መንቀጥቀጡን አልተወም። በሩን ከፍተው ወረዱና መኪናዋን ዞረው በጋጋሪው በኩል ቆሙ።)

መምህሩ፦ ተነስ፣ አንተ ንዳ። እኔ ገና አልሞቅኩም።